ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በፊት

*የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጽሑፍ ሲደክም ጥፋቱ ሁሌ በሰዋስው ላይ ይጣላል። ብዕር ከመነሣቱ በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራ ግን ማን አስተምሯቸዋል?*

ስድስት ኪሎ ዙሪያ ባሉ የኮፒና የኅትመት ቤቶች የሴሚስተሩ መጨረሻ ሲቃረብ ማታ ማታ ሰው ይበዛል። ተማሪዎች ፍላሻቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ የሽፋኑን ገጽ ታስተካክላለች፣ ዓርማ ትለጥፋለች፣ የቡድኑን አባላት ስምና የመታወቂያ ቁጥር በሰንጠረዥ ታስገባለች። ነገ ጠዋት የሚገባ የቡድን አሳይመንት ነው። መግቢያውን አንዱ፣ ዋናውን ክፍል ሁለት ሌሎች፣ መደምደሚያውን አራተኛው ጽፎ አምጥቷል፤ እዚያው ቆመው ያገጣጥሙታል። የፊደሉ መጠን አንድ ይደረጋል፣ ገጹ ይቆጠራል፣ ይታተማል፣ ይጠረዛል። መደምደሚያውን የጻፈው መግቢያውን አላነበበም። ጽሑፉ ለማን እንደሚናገር፣ ምን ሊያሳምን እንደፈለገ፣ አንባቢው ምን ብሎ ሊሞግታቸው እንደሚችል በአራቱ መካከል አንድም ጊዜ አልተነሣም።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ መምህሩ እጅ ሲገባ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ “ቋንቋ አይችሉም” ይባላል። ግሡ ከባለቤቱ ጋር አይስማማም፣ ጊዜው ይዘበራረቃል፣ አንዱ ዐረፍተ ነገር ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። ስሕተቱ በእርግጥ አለ። ግን ያንኑ ጽሑፍ አንድ ጎበዝ አራሚ ተቀምጦ ከዳር እስከ ዳር ቢያቃናው ምን ይገኛል? ስሕተት የሌለበት፣ ምንም የማይናገር ጽሑፍ ይገኛል። ርዕሱ ይተነተናል ተብሎ ይጀመራል፣ ከኢንተርኔት የተቀዳ ትርጓሜ ይቀመጥበታል፣ ጥቅምና ጉዳቱ ይዘረዘራል፣ መንግሥትና ኅብረተሰቡ የበኩላቸውን ይወጡ ተብሎ ይዘጋል። ጸሐፊዎቹ የሚያምኑት ነገር የት እንዳለ አይታወቅም። ይህን ጉድለት የሰዋስው ልምምድ አይሞላውም፤ ጉድለቱ የተፈጠረው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ከመጻፉ አስቀድሞ ነውና።

አምስት የነበረው ሲሸራረፍ

የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። አርስጣጣሊስ በ4ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለ ሬቶሪክ ሲጽፍ፣ ጥበቡን ያየው በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ ለማሳመን የሚያገለግለውን መንገድ አስቀድሞ የማየት ችሎታ አድርጎ ነው። ተናጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት ሦስት ነገር ይመረምራል፦ አድማጩ ለምን ያምነዋል፣ ማስረጃውና አመክንዮው ምንድን ነው፣ የአድማጩ ልብ በምን ስሜት ላይ ነው። ኋላ ሮማዊው ኪኬሮ ገና በወጣትነቱ በጻፈው መጽሐፍ ትምህርቱ በአምስት ተከፍሎ እናገኘዋለን። የሚባለውን ፈልጎ ማግኘት አንደኛው ነው፤ ማደራጀት፣ ቃል መምረጥ፣ በቃል መያዝና ማቅረብ ይከተላሉ። የመጽሐፉ ርዕስና ሙሉ ትኩረት ለአንደኛው መሰጠቱ ያጋጣሚ ነገር አይደለም። ፈልጎ ማግኘት ከሌለ አራቱ የሚሠሩበት ነገር የላቸውም።

ታዲያ ይህ አንደኛው ክፍል ከትምህርት ቤት እንዴት ወጣ? በ16ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ያስተምር የነበረው ፔትሩስ ራሙስ የትምህርት ዓይነቶችን ድንበር ሲያጠራ፣ ሐሳብ መፈለግንና ማደራጀትን ከሬቶሪክ ነጥቆ ለሎጂክ ሰጠ። ለሬቶሪክ የቀረው የቃላት ውበትና አቀራረብ ነበር። ክፍፍሉ ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ተመቻቸው፤ ለጸሐፊዎች ግን ጠንቅ ሆነ፤ ማሰብ በአንድ ክፍል፣ መጻፍ በሌላ ክፍል ተለያይተው ቀሩ። በ1874 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አመልካቾች አጭር ድርሰት እንዲጽፉ ሲያዝዝ መመዘኛው የፊደል አጣጣል፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ሰዋስውና አገላለጽ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ኮሌጆች ለረጅም ዘመን ድርሰት ማስተማር ማለት ስሕተት መልቀም ሆኖ ኖረ።

የእኛም ከፍተኛ ትምህርት የተወለደው በዚያው ዘመን መንፈስ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳውያን ኢየሱሳውያን አመራር በእንግሊዝኛ ማስተማር ሲጀምር፣ ኋላም የአሜሪካ መምህራን ሲበዙበት፣ የተረከብነው የጽሑፍ ትምህርት ከራሙስ ክፍፍል በኋላ የመጣውን ነበር። ዛሬም የክፍፍሉ ምልክት ይታያል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ትምህርት ሲመለስ የሎጂክና የሂሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ፣ እንዲሁም የእንግሊዝኛ የተግባቦት ኮርስ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች እንዲሰጡ ተደረገ። ሁለቱም መልካም ናቸው። ግን አንዱ ክፍል ውስጥ የክርክር ጉድለቶች ስም በቃል ይያዛል፣ ሌላው ክፍል ውስጥ አንቀጽ በቅርጹ ይጻፋል፤ በአንደኛው የተማረውን ክርክር በሁለተኛው እንዲጽፈው ተማሪውን የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

> ማሰብ በአንድ ክፍል፣ መጻፍ በሌላ ክፍል ተለያይተው ቀሩ።

የተመለሰው ጥያቄ

በአሜሪካ ጉዳዩ እንደገና የተነሣው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጎርደን ሮማንና አልበርት ወሌኬ በ1964 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ ተማሪ የሚሰናከለው ከመጻፉ በፊት ባለው ደረጃ ላይ መሆኑን አስረግጠው ተናገሩ፤ ያንንም ደረጃ ቅድመ ጽሕፈት ብለው ሰየሙት። ሮማን በዓመቱ ደረጃውን ጸሐፊው ነገሩን የሚያገኝበት ጊዜ አድርጎ አስረዳ። ጃኔት ኤሚግ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እየጻፉ ሐሳባቸውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርጋ አዳመጠቻቸው። የመማሪያ መጻሕፍቱ የሚያዙት በሮማን ቁጥርና በፊደል የተደረደረ አስተዋጽኦ፣ ተማሪዎቹ በእውነት ከሚጽፉበት መንገድ ጋር ብዙም የሚገናኝ ሆኖ አላገኘችውም።

ከዚያ ወዲህ የወጡት ዘዴዎች በየማስተማሪያው ሞጁል ሰፍረዋል፤ ተማሪዎቻችንም በስም ያውቋቸዋል። በፈተና ቢጠየቁ ይዘረዝሯቸዋል፤ አሳይመንት ሲሰጣቸው ግን አይጠቀሙባቸውም። እነዚህን ነገሮች እንደ ትርጓሜ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው። ነጻ ጽሕፈትን እንይ። ፒተር ኤልቦ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ዘዴ ቀላል ነው፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ብዕር ሳይነሣ፣ ሳይሰርዙ፣ ሳያርሙ መጻፍ። የሚባል ቢጠፋ “የምለው ጠፋኝ” እየተባለም ቢሆን ይጻፋል። ኤልቦ ራሱ በተማሪነቱ መጻፍ አቅቶት የዶክትሬት ትምህርት ያቋረጠ ሰው በመሆኑ ችግሩን ያውቀዋል። ዘዴው በአንድ ክፍል ሲሞከር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይከብዳሉ። ተማሪው ቀና ብሎ ጎረቤቱን ያያል፣ ነጥብ ይያዝበት እንደሆነ ይጠይቃል፣ የጻፈውን መስመር ይሰርዛል። ዕድሜ ልኩን የተለማመደው ትክክለኛውን ፊደል መክበብ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናው ከአራት አማራጭ አንዱን እንዲመርጥ እንጂ አምስተኛውን እንዲያመጣ አልጠየቀውም። ቀስ እያለ ግን እጁ ይፈታል፤ ከስድስትና ሰባት መስመር ዝባዝንኬ በኋላ አንድ የራሱ የሆነ መስመር ይወጣዋል። ሥራው ያቺን መስመር ማወቅ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጣል የሚጎዳ ነገር የለም።

ቅኔ ቤት የሚያስተምረን

ቅድመ ጽሕፈት ከባሕር ማዶ የመጣ ብልሃት ነው የሚል ካለ ወደ ጎጃም ይመልከት። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ባሉ ጉባኤ ቤቶች የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ይማራል፤ የሌሎችንም ቅኔ ሲነገር ይሰማል። ከዚያ ብቻውን ወደ ዱር፣ ወደ ዛፍ ጥላ፣ ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል። ጋቢውን ተከናንቦ ቅኔውን ይቆጥራል። ብራና የለም፣ ብዕር የለም። ምሥጢሩን ይፈልጋል፣ ሰሙን ከወርቁ ያገናኛል፣ ቤቱን ያስማማል፣ ያልተስማማውን ያፈርሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ሲመለስ መምህሩ ፊት ቆሞ ያቀርባል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ያቃናዋል፣ አንዳንዴም ሂድና እንደገና ቁጠር ይለዋል። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ወደ መወድስ ይደርሳል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይነገርም፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብም ነውር ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ቅኔ በግእዝ ነው፣ በቃል ነው፣ ግጥም ነው፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሚጽፈው ሪፖርት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ቅኔ ቤቱም ዓመታት የሚፈጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለወንዶች ብቻ የኖረ፣ መከራ የበዛበት ትምህርት ነበር። ይህን ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይግባ የሚል የለም። የሚጠቅመን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ለማሰቢያ የተለየ ጊዜና ቦታ አለ፤ ከትምህርቱ ዋናው ክፍል ነው እንጂ ተማሪው በትርፍ ሰዓቱ የሚወጣው ዕዳ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚጠበቀው አዲስ ነገር ነው። ሦስተኛ፣ ያልበሰለው ሥራ የሚያርም ጆሮ ፊት ይቀርባል። የዛሬው ተማሪ አስተያየት የሚያገኘው ጽሑፉ ተጠርዞ፣ ነጥብ ተሰጥቶት፣ ሊሻሻል ከማይችልበት ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው። ሰው ሐሳቡን ሊለውጥ የሚችለው ገና ሐሳቡ እርጥብ ሳለ መሆኑን ቅኔ ቤት ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድሞ አውቆታል።

> ሐሳብ የሚቃናው ገና እርጥብ ሳለ ነው።

ለክርክርም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። በጥንቱ ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ በበልሃ ልበልሃ ሲሟገቱ፣ ተጠየቅ እየተባባሉ ጥያቄ ሲወረውሩ፣ ጎበዝ የሚባለው ድምፁ የገነነው ብቻ አልነበረም። የተቃዋሚውን መልስ ሁለት ሦስት እርምጃ ቀድሞ ያየ፣ ትንሿን ነገር አሳምኖ ትልቋን የሚያስቀበል ተሟጋች ነበር የሚረታው። ይህን የሚያደርገው ሸንጎው ከመሰየሙ በፊት ጉዳዩን ከሁሉም ወገን አገላብጦ አይቶት ስለመጣ ነው። ለአንድ የኮሌጅ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አላውቅም።

አንድ ርዕስ፣ አራት ጥያቄ

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። “በአዲስ አበባ የትራንስፖርት ችግር ላይ ጻፉ” የሚል አሳይመንት ተሰጠ እንበል። እንዲህ ያለው ርዕስ ሰፊ ስለሆነ ተማሪውን ወደ ጎግል ያባርረዋል፤ እዚያ ደግሞ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይጠብቀዋል። በ2ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የኖረው የግሪክ የሬቶሪክ መምህር ሄርማጎራስ ለችሎት ክርክር ያዘጋጃቸው አራት ጥያቄዎች እዚህ ይረዱናል። ነገሩ በእርግጥ ሆኗል ወይ? ከሆነስ ምን ተብሎ ይጠራል? እንዴት ይመዘናል? መወሰን ያለበትስ ማን ነው?

ተማሪው ከመጀመሪያው ይነሣ። ችግር አለ ይባላል፤ የት ነው ያለው፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው? ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያለው የታክሲ ሰልፍ አምስት ሰዓት ላይ አለ ወይ? ሄዶ ማየት ይችላል፤ ማየቱም ራሱ ቅድመ ጽሕፈት ነው። አምስት ሰዓት ላይ ታክሲዎቹ ራሳቸው ሰው እየጠበቁ ከቆሙ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። ነገሩ የተሽከርካሪ እጥረት ነው ወይስ የሰዓት መደራረብ? መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በአንድ ጊዜ ስለሚከፈቱ ሊሆን አይችልም? እዚህ ላይ ተማሪው ከሰፊው ርዕስ ወጥቶ የራሱን ሐሳብ ያዘ ማለት ነው። ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ግን ሊከራከሩበት የሚቻል፣ በማስረጃ ሊጸና ወይም ሊወድቅ የሚችል ሐሳብ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚበረታ ያሳየዋል፤ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራ የምትሮጥ እናት ከዳር ሰፈር ስንት ሰዓት ላይ ትነሣለች? አራተኛው ደግሞ አንባቢውን ይሰጠዋል። የሥራ መግቢያ ሰዓት የሚለውጠው የትራንስፖርት ቢሮ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ለማን ነው የሚጻፈው?

አንባቢው ሲታወቅ ብዙ ነገር በራሱ ይወሰናል። ለታክሲ ባለንብረቶች የሚጻፈው ማስረጃ ለትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከሚጻፈው ይለያል። ርዕሰ መምህሩ የመግቢያው ሰዓት ቢቀየር ወላጆች ምን ይላሉ ብሎ ይጠይቃል፤ ያ ጥያቄ ሳይመለስ የቀረ ጽሑፍ እሱን አያሳምንም። ሎይድ ቢትዘር በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ንግግር የሚወለደው የሚያስቸግር ነገር ሲኖር፣ ያንን ሊለውጥ የሚችል ሰሚ ሲኖር፣ ሁለቱንም የሚያጥሩ ገደቦች ሲታወቁ ነው። ተማሪዎቻችን ግን የሚያውቁት አንድ አንባቢ መምህሩን ነው፤ መምህሩ ደግሞ መልሱን አስቀድሞ ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። የሚያውቀውን ሰው ማሳመን አያስፈልግምና ጽሑፉ ከማሳመን ይልቅ ማጥናቱን ለማስመስከር የሚቀርብ ይሆናል።

በየትኛው ቋንቋ ይታሰብ?

ቋንቋው እንዳያሳስበን አንልም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ትምህርት ይጀምራሉ፤ ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አሳይመንት የሚሠራው ተማሪ ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ ሐሳብ ይፈልጋል፣ ሐሳቡን የሚገልጽበት የእንግሊዝኛ ቃልም ይፈልጋል። ቃሉ ሲጠፋ ሐሳቡም ይጣላል። ተማሪው በመጨረሻ የሚጽፈው ያሰበውን ሳይሆን በእንግሊዝኛ ሊለው የቻለውን ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅድመ ጽሕፈቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። አንዳንድ መምህራን ይህን ይቃወማሉ፤ እንግሊዝኛው ያኔ መቼ ይሻሻላል ይላሉ። ጭንቀታቸው ይገባል። ነገር ግን አሌክሳንደር ፍሪድላንደር በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ የሚማሩ ቻይናውያን ተማሪዎችን ተመልክቶ፣ በቻይንኛ ያወቁትን ጉዳይ በቻይንኛ ያቀዱት፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የተሻለ ዕቅድና የተሻለ ጽሑፍ እንዳወጡ አሳይቷል። በእንግሊዝኛ ያወቁትን ደግሞ በእንግሊዝኛ ማቀዱ ጠቅሟቸዋል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዕውቀቱ በየትኛው ቋንቋ ከተቀመጠ በዚያው ይቀዳል። የታክሲውን ሰልፍ ተማሪው ያወቀው በአማርኛ ነው፤ የባዮሎጂውን የሕዋስ ክፍፍል በእንግሊዝኛ ተምሮት ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ መጠቀም እንግሊዝኛውን አያደክመውም፤ እንዲያውም ለሐሳብ ፍለጋ የሚያስፈልገውን ጉልበት በቃላት ትግል ላይ እንዳያባክን ያደርገዋል።

“ጊዜ የለም”

ከሁሉ የሚበረታው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ተማሪው በአንድ ሴሚስተር ብዙ ኮርስ ይይዛል፤ በፈተና አዳራሽ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ አለ። ተሰጥኦ ያለው ይጽፋል፣ የሌለው አይጽፍም የሚልም አይጠፋም። ናንሲ ሶመርስ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት ለሁለቱም መልስ አለው። ጀማሪ ተማሪዎችን ከሠለጠኑ ጸሐፊዎች ጋር ስታነጻጽር፣ ተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን ሲያሻሽሉ ቃል በቃል ይቀይሩ ነበር፤ የሠለጠኑት ግን የክርክራቸውን ቅርጽ ይፈልጉ ነበር። በሁለቱ መካከል የታየው ልዩነት የልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ይሠለጠናል። ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስም በ1981 እ.ኤ.አ. ማቀድ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚታለፍ ደረጃ አለመሆኑን አሳይተዋል፤ ጸሐፊ በየአንቀጹ መካከል እየተመለሰ ያቅዳል። ስለዚህ በፈተና የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለአንድ ጥያቄና ለአንድ አቋም የሚሰጥ ተማሪ ጊዜ አያባክንም። አጋማሽ ላይ ደርሶ ሐሳብ ሲለውጥ ከሚሰርዘው ሁለት ገጽ ይድናል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ደግሞ አዲስ ጥያቄ አምጥተዋል። ርዕሱን ብትሰጣቸው በደቂቃ ውስጥ ንጹሕ እንግሊዝኛ ያወጣሉ፤ ሰዋስው ብቻ ይታረም የሚል መምህር ከዚህ በኋላ የሚያርመው ነገር አይኖረውም። ይህም የክርክሬን አንድ ወገን ያጠናክራል፤ ዋጋ ያለው ሥራ ወደ ፊተኛው ሰዓት መዞሩን ማንም ሊያስተባብል አይችልም። አደጋው መሣሪያው ገና ባልታሰበበት ሰዓት ሲጠየቅ ነው፤ ተማሪው አቋም ሳይኖረው የብዙ ሰው አቋም አማካይ ይሰጠውና የራሱ ይመስለዋል። በአንጻሩ ጥያቄውን ለይቶ፣ አቋሙን በራሱ ቋንቋ ጽፎ ከመጣ በኋላ ያንኑ መሣሪያ እንደ ተሟጋች ተጠየቅ ሊለው ይችላል፤ ደካማ ጎኔን አሳየኝ ብሎ ቢጠይቀው ይጠቅመዋል።

የሚቀረው የመምህሩ ጉዳይ ነው፤ ስልሳ፣ ሰባ ተማሪ ያለበት ክፍል የሚያስተምር ሰው የሁሉንም ረቂቅ ማንበብ አይችልም። እውነት ነው፣ አይጠበቅበትምም። የሚጠበቅበት አሳይመንቱ ከሚገባበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከእያንዳንዱ ቡድን አንዲት ገጽ መቀበል ነው፤ ጥያቄያችን ይህ ነው፣ አቋማችን ይህ ነው፣ የምንጽፈው ለእንዲህ ያለ አንባቢ ነው፣ ሊነሣብን የሚችለው ብርቱ ተቃውሞ ይህ ነው የሚል ገጽ፣ በፈለጉት ቋንቋ የተጻፈ። አሥራ አምስት ቡድን አሥራ አምስት ገጽ ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጽፎ መመለስ ከአንድ ምሽት የበለጠ አይፈጅም። የነጥቡም ሲሶ ለዚያች ገጽና ለጥያቄው በተሰጠው መልስ ይያዝ። ከኮፒ ቤት የሚገዛ አሳይመንት ገጽዋን ሊያሟላ አይችልም፤ የተገዛው ጽሑፍ ለሌላ መምህር፣ ለሌላ ጥያቄ የተጻፈ ነውና።